ለወተት ነው ለሰው?

ባሌ ደጋ ላይ «ጢስ» ብቻውን ሙሉ ቃል አይደለም። ወዲያው «የምን ጢስ?» ይከተላል። የወይራ አለ፣ የዕጣን አለ፣ የከርቤ አለ፣ የጥድ አለ። ኩበትም አለ፤ እሱ ግን ለምጣድ እንጂ ለአፍንጫ አይደለም። ሮቤ ወይ ጎባ ያደገ ሰው አንድ ቤት ገብቶ ሸተት ሲያደርግ የትኛው እንደነደደ ያውቀዋል። ከዚያ ስለ ቤቱ መገመት ይጀምራል፦ እዚህ ላም አለ፣ ወይ አራስ አለች፣ ወይ ቡና ተፈልቷል፣ ወይ ደግሞ ዛሬ የአውሊያው ቀን ነው።

አሁን አሁን አዲስ አበባ ላይ የእኔ ትውልድ ሌላ ጢስ ጀምሯል። ፓሎ ሳንቶ ይባላል፤ እንደ ኢኳዶርና ፔሩ ካሉ አገሮች የሚመጣ እንጨት ነው፤ ስሙ በስፓኒሽ «ቅዱስ እንጨት» ማለት ነው። ጫፉን ለኩሰው እፍ ይሉና ጢሱን በየጥጉ ያዞሩታል፤ መጥፎ መንፈስ ያስወጣል፣ አእምሮ ያረጋጋል ይባላል። ቪዲዮም ይቀረጽለታል። በዚህ ለመሳቅ አልተነሳሁም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ፓሎ ሳንቶ በዕፅዋት አመዳደብ ከእኛው ዕጣንና ከርቤ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው እንግዳ የአጎት ልጅ ነው እኮ! የአጎት ልጁን በውድ ገዝተን የምናስገባ ሰዎች፣ የቤቱ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ከጓዳ ያልወጣው?

መልሱን ለመፈለግ ከአንድ ግሥ ልነሳ፦ ማጠን። ካህኑ ጽንሐውን እያወዛወዘ ቤተ መቅደሱን ያጥናል። እናት የወተት ዕቃዋን ታጥናለች። አራስ ትታጠናለች። የጠላ ጋንም ይታጠናል። ሁሉም ያው አንድ ግሥ ነው፤ ከግዕዝ የመጣ፣ «ዕጣን» ከሚለው ስም ጋር ሥሩ አንድ የሆነ። አማርኛ ለመንፈስ ማንጻት ሌላ፣ ለዕቃ ማጽዳት ሌላ፣ ለሰውነት ማፍታታት ሌላ ቃል አላወጣም። ዛሬ ግን ሦስቱ ተለያይተዋል። አንዱ ኃጢአት ተባለ፣ አንዱ ንጽሕና፣ አንዱ ደግሞ መዝናኛ። ባሌ ላይ ይህ መለያየት እንዴት እንደመጣ ዓመት እየቆጠሩ መከተል ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ከመለያየቱ በፊት የነበረውን እንይ። ባሌ የከብት አገር ነው። የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ወተት የሚያስቀምጡት በጪጮ፣ በቅልና በእንጨት ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሁልጊዜ የሆነች ስንጥቅ ወይ ቀዳዳ አያጣም፤ በውኃ ብቻ ታጥቦ አይጠራም፤ ትናንት የነበረው ወተት የዛሬውን ያበላሸዋል። መፍትሔው ወይራ ነው፤ በኦሮምኛ እጄርሳ። ደረቅ ወይራ በቀጭኑ ይፈለጣል፣ ጫፉ ፍም እስኪሆን ይነዳል፣ ታጥቦ በተንጠፈጠፈው ዕቃ ውስጥ ይከተታል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ዕቃው ይናጣል። ፍሙ ሲበርድ ይወጣና ሌላ ይገባል። ደጋግመው ካጠኑት የዕቃው ውስጥ ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል። ከዚያ ከሰሉ ተጠርጎ ይወጣና ወተቱ ይገባል።

በዚህ ሂደት ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሙቀቱ ዕቃውን ያደርቀዋል። ጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውሕዶች ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ ወተቱ ቶሎ አይኮመጥጥም። ሦስተኛው ጣዕሙ ነው። በወይራ ያልታጠነ እርጎ ለባሌ ሰው እርጎ አይደለም፣ የኮመጠጠ ወተት ነው። በሶፍትዌር ሙያ አንድ ኮድ ሦስት ሥራ ሲሠራ «ለያዩት» እንባላለን። ይህኛውን የለያየው የለም፤ ስንት ዘመን ሲሠራ ኖሯል።

ይኸው ወይራ ሰውም ያጥናል። ለአራሷ፣ ለሙሽራዋ፣ ወገቧን ላመማት ሴት መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይደረግበታል፤ እንጨቱ ይጨመራል፤ ሴትየዋ ጋቢ ወይ ቡሉኮ ተከናንባ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። በኦሮምኛ ቃያ ይባላል። በሌላው የአገራችን ክፍል የታወቀው ወይባ ጢስ የዚህ ወንድም ነው፤ ስሙን ያገኘው ወይባ ወይም አባሎ ከሚባለው ቆላማ ዛፍ ነው። ላቡ ይወጣል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሽታው ለቀናት አይለቅም። ይህ ሕክምና ነው? ጌጥ ነው? ጸሎት ነው? ድሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር።

ሮቤ ገበያ አንዴ ለአክስቴ ወይራ ልገዛ ሄጄ ሻጯ «ለወተት ነው ለሰው?» አለችኝ። ለካ ልዩነት አለው፤ ለወተት ቀጭንና በጣም የደረቀ፣ ለሰው ደግሞ ወፈር ያለና ቀስ ብሎ የሚጤስ ነው የሚመረጠው። የጠየቀችኝ ስለ ፍልጡ ውፍረት ነበር። ስለ መንፈስና ስለ ንጽሕና ልዩነት ማንም አልጠየቀኝም።

የባሌ ጢስ ሀብታም የሆነበት ምክንያት መልክዓ ምድሩ ነው። ከጎባ ተነስታችሁ ወደ ደሎ መና የምትወስደውን መንገድ ያዙ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሽታ ካርታ ግን አድርጋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ጥድና ኮሶ አለ፣ ዝቅ ሲሉ ወይራ። ወደ ላይ ስትወጡ አምጃ ይመጣል፣ ከዚያ አስታ፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ያያችኋል። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ ቡና ያለ ተካይ የሚበቅልበት ጫካ ነው። ከጫካው ስትወጡ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ ግራርና ከርቤ የሚበቅልበት ቆላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዲንሾ አጠገብ የጋይሳይ ሜዳ አለ፤ ጭቁኝ ሞልቶት በእግር ሲረግጡት ሽታው ይነሳል። ለዚያኛው እሳትም አያስፈልግ።

ስለዚህ አንድ የጎባ ቤት ቡና ሲያፈላ ፍሙ ላይ የምትጣለው ዕጣን ከታች ከቆላ የወጣች ናት፤ የወተት ዕቃው የታጠነበት ወይራ ደግሞ ከቅርብ። የኢትዮጵያ የዕጣን ንግድ ምርቱን በዓይነት ሲለይ የትግራይ፣ የቦረና እና የኦጋዴን ይላል። ታዋቂውና ነጩ የሰሜኑ ነው፤ የደቡብ ምሥራቁ ቆላ የሚያወጣው ግን ከሌላ የዛፍ ዝርያ የሚገኝ፣ ሽታውም የተለየ ነው። ደገኛው እህልና ቅቤ ያወርዳል፣ ቆለኛው ሙጫና ከብት ያወጣል። ጢሱ የተሠራው በዚህ ልውውጥ ነው።

ሃይማኖቱም እንደዚሁ ድብልቅ ነበር። ባሌ ለእስልምና አዲስ አይደለም፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አረባዊው ምሁር አል ኡመሪ ከዘረዘራቸው የሙስሊም ግዛቶች አንዷ ባሌ ናት። ድሬ ሼህ ሁሴን ላይ የሚዘከሩት ሼህ ሁሴንም ከዚያ ቀደም ብለው በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖሩ ይታመናል። አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 እዚያ ሲደርስ ቦታው የታወቀ የጉብኝት ስፍራ ነበር። ዛሬም በአረፋ ሰሞን ጫፉ የተሰነጠቀ መንታ በትር የያዙ ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ። ወደ ድሬ መሄድ ያልቻለ ደግሞ በቤቱ ወዳጃ ይቀመጥ ነበር፦ ቡና፣ ጫት፣ ዱዓ፣ ፍም ላይ ዕጣን። የጎባ ክርስቲያን ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎባ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ዘመቻ በኋላ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ከተማ ሆና ያደገች ናት፤ ከሰሜን የመጡት ሰፋሪዎች ዕጣናቸውን ከነቆሌያቸው ይዘው ነው የመጡት። ካህኑ እሑድ ያጥናል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እማማ ለአድባሯ ትንሽ ዕጣን ጣል ታደርጋለች። ጎረቤቷ ለአውሊያው ያደርጋሉ። አንዷ ከአንዷ ፍም ትዋሳለች።

ይህን ስል ሁሉም ተዋዶ ይኖር ነበር የሚል ተረት እያወራሁ አይደለም። የሰፋሪውና የባላገሩ ግንኙነት በመሬትና በግብር የተመረዘ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዋቆ ጉቱና ሌሎች የመሩት የባሌ አመፅ ከዚያ ነው የፈነዳው። ፍም መዋዋስ መሬት ከመቀማት አያድንም። ጢሱን የተመለከተ ግን ሁለቱም ቤት አንድ ቋንቋ ይናገር ነበር።

መለያየቱ የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። የኖርዌዩ ምሁር ቴሪየ ኦስተቦ በባሌ ስለነበረው የሃይማኖት ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳውዲ ተምረው የተመለሱ ሰዎች የሰለፊ አስተምህሮን ይዘው ገቡ። ዋናው ሙግት ድሬ ሼህ ሁሴን ላይ ነበር፤ ለሟች መለመን፣ አፈሩን መቀባት፣ አውሊያ መጥራት ሽርክ ነው ተባለ። የደርግ ዘመን እንቅስቃሴውን አፈነው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን በሮቤ ወጣቶች ዘንድ በጣም ተስፋፋ። በክርስቲያኑም በኩል የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጡና የቆሌውን ፍም «የሰይጣን ማዕድ» አሉት። የኦርቶዶክስ ካህናትም ቢሆኑ የቤት ውስጥ የዛር ዕጣንን አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። ደርግ በበኩሉ ነገሩን ሁሉ ኋላ ቀር ልማድ ብሎ አንድ ላይ ጠቀለለው፤ ከ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላም ባሌ የመንደር ምስረታ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ሆነች፤ ተበታትኖ የሚኖረው ሕዝብ በሰልፍ በተሠሩ መንደሮች ሰፈረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ኃይሎች ናቸው። በዕጣኑ ላይ ግን ተስማሙ።

እኔ በእነዚህ አስተማሪዎች ላይ የማላግጥበት ምክንያት አለኝ። ጢሱን የከለከሉት ሰዎች ጢሱን ያምኑበት ነበር፤ አንድ ነገር ይጠራል፣ አንድ ነገር ያስገባል ብለው ነው የፈሩት። ዛሬ ፓሎ ሳንቶ የሚሸጥልን ሰው ግን ከእነሱ ያነሰ ያምናል። ለእሱ ጢሱ ስሜት ነው፤ ካልተመቻችሁ ደግሞ የላቬንደር ሻማ አለው።

ወደ ቤት ስንመለስ ታዲያ ምን ተረፈ? የአባቴ እህት፣ አዳዳ ነው የምላቸው፣ ልጃቸው መድረሳ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ የቡናውን ዕጣን ተዉ። ጭቅጭቅም አልነበረም፤ «ልጄ ደስ አይለውም» ብለው ማጨሻውን አነሱት። ወይራውን ግን አልተዉም። ልጅየውም አልነካውም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ስጠይቀው «ያ ንጽሕና ነው» አለኝ። አዳዳ ከጎን ሆነው ሰሙንና «በረካም አለው» አሉ፤ እሱም ዝም አለ። ዝም ያለበት ምክንያት ይገባኛል፤ ወይራ በቁርኣን የተባረከ ዛፍ ተብሎ የተጠቀሰ ነው። በክርስቲያኑም በኩል የኖኅ ርግብ በአፏ የያዘችው ቅጠል የወይራ ነው። የእኛ ደጋ ወይራ ፍሬው አነስ ይበል እንጂ ከዚያ ከሜድትራኒያኑ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ዕጣን በፍርድ ሲጠየቅ ወይራ ሁለት ምስክር ነበረው ማለት ነው፦ ከመጻሕፍቱ አንድ፣ ከወተቱ አንድ።

የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ከባሌ ጢስ የተረፈው ያለ መንፈስ ሊገለጽ የቻለው ብቻ ነው። ወይራ በንጽሕና ስም አለፈ። ቃያም «ለወገብ ጥሩ ነው» በሚል አለፈ፤ አሁን አዲስ አበባ ላይ ወይባ ጢስ በውበት ሳሎን ይሸጣል፣ ነጭ ፎጣና ለስላሳ ሙዚቃ ተጨምሮበት። ዕጣን ግን ሥራው ምን እንደሆነ በሌላ ቋንቋ ሊያስረዳ አልቻለም። ነገሩ የሚያስቀው፣ ለማስረዳት የሚሆን ማስረጃ ከሳይንስ በኩል ትንሽ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ኢንሰንሶል አሲቴት የሚባል የዕጣን ውሕድ አይጦች ላይ ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፣ ውሕድም ጢስ አይደለም፤ ቢሆንም «ዕጣን ሲጤስ ልቤ ይረጋል» የሚሉ እማማ ቅዠት አያወሩም ነበር ለማለት ይበቃል። በሌላ በኩል ጢስ ጢስ ነው፤ ደቃቅ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ፍም ደግሞ በተዘጋ ክፍል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በጭቃ ቤትና በሣር ክዳን የተለመደውን ማጠን መስኮቱ በላስቲክ በታሸገ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ መድገም ሰው የገደለ ነገር ነው። መስኮት ክፈቱ፤ ይሄ ለፓሎ ሳንቶም ይሠራል።

ስለ እምነቱና ስለ ሳንባው ስንከራከር ዛፉን ረስተነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 94፣ ከመንግሥትና ከጥብቅ ደኖች እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ዛፎች አራት ናቸው፦ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ እና ጥድ። ስማቸውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ሁሉም ጣውላ ናቸው። ሕጉ የበርና የቁም ሳጥን ዛፎችን በስም ጠራ፤ የጢሱን ዛፍ ግን ወይራን አልጠራም። ክፋት ነው አልልም። ሕግ የሚያየው ገበያ ላይ በሜትር ኩብ የሚለካውን ነው፤ ወይራ ደግሞ በእቅፍ ነው የሚሸጠው። ወይራ ግን ዝግተኛ ዛፍ ነው። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ቢያጥንበት ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከዚያም በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተጠበቀው ከሞላ ጎደል ከፍ ያለው መሬት ነው፤ ቀይ ቀበሮው፣ የደጋ አጋዘኑ፣ የሳነቴ ሜዳ፣ የሐረና ጫካ። ዲንሾ ላይ የጥድና የኮሶው ደን በአጥር ተርፎ ቆሟል፤ ገብታችሁ ብታዩት ደስ ይላል። ወይራ በብዛት የሚወደው ግን ከዚያ ዝቅ ያለውን ነው፤ ማለትም ስንዴና ገብስ የሚዘራበትን፣ ትራክተርና ኮምባይነር የሚመላለስበትን የሮቤን ሜዳ ጠርዝ። እዚያ ያለ ወይራ በተለይ በሁለት ቦታ ይገኛል፦ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በመቃብር ስፍራ። ሁለቱም ቦታዎች የዳኑት ሰው አንድ ነገር ስለፈራ ነው። ያ ፍርሃት ደግሞ ዕጣኑን ካስጣለው ክርክር ጋር አብሮ እየሳሳ ነው።

ወይራውን ከእምነትም ከሕግም ቀድሞ ከጓዳ የሚያወጣው ግን ማንም ያልሰበከበት ነገር ሳይሆን አይቀርም፦ ጄሪካን። ቢጫዋ የዘይት ጄሪካን ቀላል ናት፣ አትሰበርም፣ ከሮቤ እስከ ጎባ ባጃጅ ላይ ጭነው ወተት ያመላልሱባታል። አንድ ጉድለት አላት፤ ፍም ከገባባት ትቀልጣለች። አዳዳ አሁን ለሽያጭ የሚሆነውን ወተት በጄሪካን ነው የሚያስቀምጡት፤ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ያጥቧታል፣ እንደነገሩ ትጠራለች። ለቤት የሚሆነውን ግን በአንዲት ጪጮ ለይተው ይይዛሉ፤ ውስጧ እንደ ጫማ ቀለም ጠቁሯል። ባለፈው ስሄድ የተገዛው ወይራ አልቆ ስለነበር በጥድ ሊያጥኗት ሞከሩ። ቀመሱት፤ ፊታቸውን አጨፈገጉና ለጥጃው ሰጡት።